የአውጫጭኝ ዕለት ወፏ ያመጣችው ቃል

እኔ ካሳ እባላለሁ። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አገር ስሜን ብትጠሩ ሰው ገና ሳትጨርሱት ይስቃል። ጉራ ከመሰላችሁም ይምሰላችሁ፤ ጉራም ቢሆን የራሴ ነው፣ ከማንም አልተበደርኩትም። ፊደል እንኳ ያስቆጠረኝ መምህር የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሳጥር ልጆቹ ውስጥ ሆነው ሲጮኹ እየሰማሁ ለቃቅሜ ያወቅሁት ነው። ቀልድማ ሲፈጥረኝ አብሮኝ ተፈጥሯል። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ሠርግ ሲደገስ ሙሽራው ቢዘገይ ይጠበቃል፣ እኔ ከቀረሁ ግን ጠላው ይኮመጥጣል ይባል ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ብሆንም ሌሎችም ደግመውታል።

ይህን የምነግራችሁን ነገር ሳይ ሠላሳን ተሻግሬ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ገብስና ዳጉሳ እያረስኩ የምኖር ጎልማሳ ነበርኩ። የነፍስ አባቴ አባ ከኔ ጋር ያላቸው ጠብ አንድ ብቻ ነበር፤ አፌ።

«ካሳ፣ አፍህን ግራ!» ይሉኛል። «ለወጥ ጨው ማነስ ሚካኤልን ትምላለህ፣ ላም ለጠፋችበት ጊዮርጊስን ትምላለህ። ቅዱሳኑ ያንተ ምስክር ሆነው ሌላ ሥራ ሊፈቱ ነው። እስቲ አበልጅህን እየው! የክርስቲያን አፍ እንደሱ ነው።»

አበልጄ አየነው ነው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። እርሻችን ጎን ለጎን፣ አጥራችን አንድ ነው። ካፉ ክፉ አይወጣም። በሬ እግሩን ቢረግጠው «ተመስገን፣ ሌላኛውን አተረፈልኝ» የሚል ሰው ነው። እኔ ብሆን የበሬውን ዘር እስከ ሰባት ቤቱ እሰድበዋለሁ፤ ያውም በአገውኛ። ስድብ በአማርኛ ይሰደባል እንጂ አይጣፍጥም። አየነው ግን በሁለቱም ቋንቋ መራቂ ነው። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኮራበት ነበር። «እኔ የሳቅ አፍ አለኝ፣ አበልጄ የጸሎት አፍ አለው፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል» እል ነበር።

እንዲህ ሆነን ስንኖር የአያ መኩሪያ ፈረስ ጠፋ።

አያ መኩሪያ ሽማግሌ ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ ምላጭ ነው። ሰላምታቸው ራሱ ስድብ ነው። «እንደምን አደርክ አንተ የጅብ ትራፊ» ካላሉህ ታመዋል ማለት ነው። ፈረሳቸው ግን ግንባረ ቦቃ፣ ዳማ፣ ሲራመድ የሚሽኮረመም ነበር። በአገራችን የሰው ልጅ ሞቶ የሚለቀሰውን ያህል ለፈረስ ይለቀሳል። መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት አያ መኩሪያ ተነሥተው በረቱን ቢያዩ ገመዱ ብቻ አለ።

የመንደራችን ሹም፣ ጭቃ ሹሙ፣ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ በቀርቀሃ በታጠረ አጥር ውስጥ ይገባል። ሌባው ካልታወቀ ማንም አይወጣም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰው አንድ በአንድ ይገባና ምሎ ያየውን፣ የሰማውን በጆሯቸው ይናገራል። ማን ምን እንዳለ ውጭ ያለው አያውቅም። ሽማግሌዎቹም ወጥተው «እገሌ ነገረን» አይሉም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ወፍ ስለሆነች አትከሰስም፣ ቂምም አይያዝባትም። ለድኻ መልካም ነው፤ ጉልበተኛን ሳይፈራ ይናገራል። ለክፉ ልብም መልካም ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ለኔ ድግስ ነበር። የሀገሩ ወንድ ሁሉ ተዘግቶ፣ መሄጃ አጥቶ፣ እኔን ሊሰማ! ከየት ይገኛል?

«ጭቃ ሹም!» ብዬ ጮኽኩ። «ሌባው ቢታወቅ እንኳ እስከ ነገ እንዳትነግሩን፤ ሚስቴ ከቤት መውጣቴን ስትሰማ ደስ ብሏታል፣ ደስታዋን አታሳጥሩባት!»

ሳቁ። ሚስቴ የውብዳር አጥሩ ማዶ ስንቅ ይዛ ቆማ ነበር፤ «ኧረ አንድ ወር አስቀምጡልኝ!» ብላ መለሰችልኝ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ መኩሪያ ብቻ አልሳቁም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ «ሳቁ እናንተ የውሻ ልጆች። ፈረሴ ተሰርቆ ጥርሳችሁን አሰጡት» አሉ።

አየነው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እሱም አልሳቀም። ዓይኑ ሰማዩ ላይ ነው።

«ምን ሆንክ አበልጄ?»

«ምንም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን። ገብሴ ደርሷል። ያንን ደመና እየው።»

ደመናው እውነትም ጠቁሮ በዘንገና በኩል ቆሟል። የዚያ ዓመት በረዶ ሁለት ቀበሌ አውድሞ ነበር። የኔ ገብስ ዘግይቶ የተዘራ ስለሆነ ገና ነው። የሱ ግን አንድ ምት በረዶ ቢያገኘው ገለባ ነው የሚቀረው።

«ነገ እንወጣለን» አልኩት።

«ስም ካልተገኘ እንዴት እንወጣለን?» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ስም ነው የሚያስፈልገው።»

ልብ አላልኩትም። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ልብ አላልኩትም።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ሁሉም እንደገና ዳሱ ውስጥ ይግባ ተባለ፤ የፊተኛው ቀን ወፍ ዝም ብላለችና። እኔ ገብቼ ምንም አላውቅም ብዬ ወጣሁ። አየነው ከኔ ቀጥሎ ገባ፤ ቆየ። ሲወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ አበልጄ» አለኝ። «አሜን፣ አንተንም» አልኩት። እንዲህ ያለ ምርቃት ሲመጣ ሰው ምን ይላል? አሜን ነው የሚለው።

ፀሐይ መሀል ሰማይ ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ወጡ። ዋናው ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

«ወፍ ተናገረች» አሉ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ካሳን ጠራች።»

መጀመሪያ የመሰለኝ ሊቀልዱብኝ ነው። «ወፏ ዓይኗ ያያል ወይ? ከየትኛው ዛፍ ላይ ሆና ነው?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እመኑኝ፣ እኔ ተናግሬ ሰው ሳይስቅ ሲቀር በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያው ነው። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ቀስ እያሉ ራቁ። ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው መጡ፤ ያ የበሬ መጠለፊያ ገመድ እጄ ላይ ሲጠልቅ ነው ነገሩ እውነት መሆኑ የገባኝ። አጥር ማዶ የውብዳር እሪ አለች።

«ዋስ ጥራ» አለ ጭቃ ሹሙ። «ዋስ ካገኘህ ትቆያለህ። ካላገኘህ ታስረህ ዳንግላ ትወርዳለህ።»

ዳንግላ ማለት እስር ቤት ነው። ከዚያ ደግሞ የባሰው ስሙ ነው። በኛ አገር የፈረስ ሌባ ልጅ ከተባለ ያ ልጅ ሚስት አያገኝም። ሦስቱም ልጆቼ ዓይኔ ላይ መጡ።

እኔ ግን አልፈራሁም። ዋስ? ዋስ የማጣ መስሏቸው ነው? ደረቴን ነፋሁ።

«ዋሴ አበልጄ አየነው ነው!» አልኩ። «ከሱ የበለጠ የታመነ ሰው በዚህ አጥር ውስጥ ካለ አሳዩኝ!»

ሁሉም ወደሱ ዞረ። አየነው ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነው።

«አበልጄ፣ አምላክ ከመከራ ያውጣህ። እኔ ስለነፍስህ ሌት ተቀን እጸልያለሁ» አለ። «ዋስ ግን አልሆንም። መጽሐፉ ለሰው ዋስ አትሁን ይላል። የእግዚአብሔርን ቃል ከምሻገር ሰው ቢያማኝ ይሻለኛል።»

«ምን?» አልኩት።

«እግዚአብሔር እውነቱን ያወጣል» ብሎ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? ጥፊ ቢሆን እኮ ፊታችሁን ይዛችሁ ትጮኻላችሁ። ይህ ግን ጥፊ ሳይሆን ምርቃት ነው፤ ምኑን ይዛችሁ ትጮኻላችሁ?

«እሺ» አልኩ። «ወፏ ምን ብላ ነው የጠራችኝ? ይህን መስማት መብቴ ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካሳ በገዛ አፉ እንዲህ ብሏል ብላለች። ‹የአያ መኩሪያን ፈረስ ወስጄ፣ ጭራውን ከርክሜ፣ ግንባሩን ጥላሸት ቀብቼ፣ ዳንግላ ገበያ ለራሳቸው ለአያ መኩሪያ እሸጥላቸዋለሁ። ከፊተኛው ይሻላል ብለው መርቀው ይገዙኛል።›»

ሳቅሁ።

አዎ፣ ሳቅሁ! እጄ ታስሮ፣ ሚስቴ እያለቀሰች፣ የገዛ ቀልዴን ስሰማ አመለጠኝ። ጥሩ ቀልድ ነበራ! ሜዳው ግን «አይ! ይስቃል እኮ!» ብሎ አጉረመረመ። ሳቄ አፌ ውስጥ ሳለ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ያንን ቀልድ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ነው፣ የሰማኝም አንድ ሰው ነው።

ፈረሱ ከመጥፋቱ ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። የአያ መኩሪያ ፈረስ የጋራ አጥራችንን ጥሶ የአየነውን ገብስ ሲበላ አገኘነው። አየነውን እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ማንም አይሰማም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ያ መራቂ አፍ ተከፈተ። «ይህን ፈረስ አንድ ቀን ወደ ዘንገና ነድቼ ገደሉን እሰደዋለሁ! ባለቤቱንም አስከትዬ!» አለ። በያዘው ቀርቀሃ አጥሩን ይደበድብ ነበር። እኔ ደነገጥኩ። ቁጣውን ላበርድለት ብዬ ነው፣ «ኧረ ለምን ታባክነዋለህ፣ እኔ ልሽጠው» ብዬ ያንን ቀልድ የፈጠርኩት። አየነው ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀርቀሃውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ካሳ፣ አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፣ ቁጣዬን ወሰድክልኝ» አለኝ። አጥሩን አብረን ጠገንን።

ወፏ ይቺ ነበረች።

ዞሬ አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። እንዳወቅሁ አውቋል።

ያን ጊዜ ጭቃ ሹሙ፣ «የምትለው ካለህ በል። ይህን ያለብህ ሰው ማን እንደሆነ ካወቅህ፣ ቂም ያለው መሆኑን ካስረዳህ ቃሉ ይወድቃል» አለ።

አያችሁ? በሩ ተከፈተልኝ። የምለው ነገር አፌ ላይ ነው። «አየነው ፈረሱን ዘንገና ገደል እሰደዋለሁ ብሏል፣ ሚካኤልን በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ማለት ብቻ ነው። ውሸት የለበትም፣ ምዬ የምናገረው ነው። ገመዱ ከኔ እጅ ወጥቶ የሱ እጅ ላይ ይገባል። ፈረሱ የጠፋው ሽጠውት ይሁን ገደል ሰደውት ማን ያውቃል? ሜዳው ሁሉ ይቀበለኝ ነበር። ይገባውም ነበር!

አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ የሱን እጅ አየሁ፤ ያን ዕለት በቁጣ ቀርቀሃ ያነሣው እጅ አሁን በፍርሃት የነጠላውን ጫፍ ይጠመዝዛል። አንድ ነገር ታወቀኝ። ያ ሰውዬ ፈረሱን ገደል አይሰድም፤ ያለው በቁጣ ነው። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ቃሉን ብናገር ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ውሸታም ነኝ። እሱ በኔ ላይ ያደረገው ልክ ይሄንኑ ነው።

አፌን ዘጋሁ። ቅዱስ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው፤ እንደሱ ልሆንለት አልፈለግሁም።

«የምለው የለኝም» አልኩ። «ቃሉ የኔ ነው። ብያለሁ። ቀልድ ነበር።»

«በዚህ ቀልድ አለ?» አለ ጭቃ ሹሙ። «ሌላ ዋስ አለህ?»

ዙሪያውን አየሁ። በሠርጋቸው ያሳቅኋቸው፣ በለቅሷቸው ያጽናናኋቸው ሰዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጎረምሶቹ ገመዱን ሳብ አደረጉት።

«ቁም!»

አያ መኩሪያ ናቸው። ጋቢያቸውን ጥለው ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው ሲመጡ ሊመቱኝ መስሎኝ ራሴን አጎነበስኩ።

«አንተ ቅሪላ!» አሉኝ። «አንተ አፈ ሰፊ! ጭራውን ከርክሜ ነው ያልከው? የኔን ፈረስ ጭራ?»

«ብያለሁ፣ አያ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለኔው ልትሸጥልኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

«እና እኔ መርቄህ ልገዛህ?»

«... አዎ።»

አፍንጫቸው ተነፋ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «እናንተ የድንጋይ ራሶች! ይህ ነው ሌባ የምትሉት? ሌባ ዝም ማለት ይችላል! ይህ የኔን ፈረስ ቢሰርቅ ኖሮ ገና ከበረት ሳያወጣው ለሦስት ቀበሌ አውርቶት፣ ለኔም መጥቶ ነግሮኝ፣ አብረን ስቀን ነበር! ፍቱት! ዋሱ እኔ ነኝ!» አሉ።

«አያ፣ ፈረሱ እኮ የርስዎ ነው» አለ ጭቃ ሹሙ ግራ ገብቶት።

«የማን እንደሆነ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ፍታው አልኩህ፣ አንተ የበቅሎ እንግዴ ልጅ!»

ባለንብረቱ ራሱ ዋስ ሲሆን ሸንጎው ምን ይላል? ፈቱኝ። አውጫጭኙ ሌላ ቀን ይቀጠር ተባለና አጥሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን አየነው ከፊት ቀድሞ፣ ሮጥ ሮጥ እያለ፣ ማጭዱን ሊያነሣ ሄደ። ገብሱን በዚያው ዕለት አጨደ። በረዶም አልጣለም። እንዲያው ደመናው ዞሮ ሄደ።

ፈረሱ ኅዳር ላይ ዳንግላ ገበያ ተገኘ። የሰረቀውም ከሩቅ የመጣ፣ ማናችንም የማናውቀው ሰው ነበር። አያ መኩሪያ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው በደጄ ሲያልፉ፣ «አንተ ቅሪላ፣ ውጣና ጭራውን እየው!» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ስድብ የጣፈጠ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

አየነው የመጣው በሳምንቱ ነው። አባን ይዞ፣ ማር ይዞ።

«አበልጄ፣ እግዚአብሔር ንጽሕናህን አወጣው፣ ተመስገን» አለ።

«ወፏ አንተ ነህ» አልኩት።

አባ ደነገጡ። እሱ ግን አልካደም። ያ ነው የገረመኝ።

«ምዬ ስጠየቅ የሰማሁትን መናገር አለብኝ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት አልቀነስኩም። አልዋሸሁም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገብሴ ነበር። ስም ያስፈልግ ነበር። አንተ ደግሞ ቀልደኛ ነህ፤ በቀልድ ትወጣዋለህ ብዬ ነው» አለ።

«አንዲት ቃል አልቀነስክም?» አልኩት። «ሳቁንስ? አንተ እንባህ እስኪወርድ የሳቅኸውን፣ መሬት ላይ የተቀመጥከውን፣ ያንን ለሽማግሌዎቹ ነገርካቸው? ቃሌን ወሰድክ፣ ሳቄን እዚያው አጥሩ ሥር ጥለኸው ሄድክ። ሳቁን ያወለቅክለት ቃል እኮ የኔ አይደለም። ያ ያንተ ነው።»

ያመጣውን ማር ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። አባ ወደኔ ዞረው፣ «ካሳ፣ ስለ አፍህ ብዙ ተናግሬሃለሁ» አሉኝ። «የማን አፍ እንደሚገራ ግን እኔም አላወቅሁም ኖሯል።» ታረቁ አሉን፣ መስቀል አሳለሙን፣ ታረቅን።

ወገኖቼ፣ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ካልተማረ ሰው አንድ ነገር ትቀበሉ እንደሆነ ልሞክር። ከዚያ በፊት የክርስቲያን አንደበት ማለት «ተመስገን» የበዛበት አፍ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዛሬም ስድብ በአገውኛ ይጣፍጠኛል፣ መሐላውን ግን ስለ አባ ብዬ ቀንሻለሁ። የተለወጠብኝ ሌላ ነው። የሰው ቃል ተሸክሜ ወደ ሌላ ሰው ስሄድ እፈራለሁ። እገሌ እንዲህ አለ ከማለቴ በፊት፣ በቁጣ ነው ያለው? በሳቅ ነው? በእንባ ነው? ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያንንም አብሬ መሸከም ካልቻልኩ ቃሉን እተወዋለሁ። እናንተም ዛሬ ጎረቤት ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት ቃል ካለ በደጃፍ ቆማችሁ ፈትሹት። እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም። የኔም እውነት ነበር፤ በበሬ ገመድ አሳስሮኛል።

ታረቅን ብያችኋለሁ፣ እውነት ነው። በበዓል ቤቱ እሄዳለሁ፣ ይመርቀኛል፣ አሜን እላለሁ። ባለፈው ልጃችንን ዳርን፤ የክርስትና አባት ነውና ከጎኔ ተቀመጠ። እኔም እንደ ልማዴ ሰውን አሳቅሁት። ዳሱ ሲያውካካ ዘወር ብዬ አየሁት፤ አየነውም ይስቃል፣ እንደዚያ ቀን እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

ያን ጊዜ ንግግሬ መሀል ላይ ቆመ። እንግዶቹ ቀጥል ቀጥል ይሉኛል። እኔ ግን የሱን ጉሮሮ እያየሁ፣ ሲጨርስ ሳቁን የት እንደሚጥለው እጠብቅ ነበር።